ስድስተኛው ሰው

የሩጫ ታሪካችንን ስናወጋ ስም መጥራት ይቀናናል። አበበ ብለን እንጀምራለን፤ ማሞ እንላለን፤ ምሩፅ እንላለን፤ ከዚያም ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ እያልን እንወርዳለን። በየግድግዳው የሰቀልናቸው ፎቶግራፎችም እንደዚሁ ናቸው፤ አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ክሩን በደረቱ ሲበጥስ ያሳያሉ። ነፋሱን ማን እንደመከተለት፣ ማን ተቀናቃኞቹን አድክሞ እንዳስረከበው፣ ማን መንገድ እንደለቀቀለት ፎቶግራፉ አይናገርም።

ይሁንና ከሩጫ ዓይነቶች መካከል ይህን የአንድ ሰው ታሪክ አሻፈረኝ የሚል አንድ አለ። እርሱም አገር አቋራጭ ነው። በ1970ዎቹ በነበረው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ደንብ በአዋቂ ወንዶች ውድድር ከአንድ አገር ቀድመው የገቡት የስድስት ሯጮች ደረጃ ይደመር ነበር። አንደኛ የወጣ አንድ ነጥብ፣ ዘጠናኛ የወጣ ዘጠና ነጥብ ይያዝለታል። ትንሽ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ አገር ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ደረጃ ጠራርጎ ቢወስድና ስድስተኛ ሰውዬው ዘጠናኛ ቢወጣ ድምሩ 105 ይሆናል። ሌላው አገር አንድም ሜዳልያ ሳያገኝ ስድስቱንም ልጆቹን ከአሥረኛ እስከ አሥራ አምስተኛ ቢያስገባ ድምሩ 75 ነው። ዋንጫው የሁለተኛው ነው። በዚህ ስሌት ስድስተኛው ሰው ከአንደኛው አያንስም፤ እንዲያውም ቡድኑን የሚያድነውም የሚጥለውም እርሱ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም መድረክ የተፈተነችበትን ዘመን ለማስታወስ ነው ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀታችን። ነገሩ የተፈጸመው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ በሐምሌ 1972 ዓ.ም ሞስኮ ላይ ይጀምራል፤ በመጋቢት 1973 ዓ.ም ማድሪድ ላይ ያበቃል።

አየሩ ለሁሉም ነው

ስለ ሯጮቻችን ሲነሳ ብዙ ሰው ምክንያቱን ለአየሩ ይሰጣል። እውነትነት አለው። ከምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከመተማ ወይም ከገለጉ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ወደ እንጦጦ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ በዚህ አየር ውስጥ የኖረና የተለማመደ ሰውነት ኦክስጅንን በቁጠባ መጠቀም ይለምዳል። ደገኛው ደግሞ በተራው ገለጉ ወርዶ በዚያ ሐሩር ሩጥ ቢባል ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ጥላ መፈለጉ አይቀርም።

ዳሩ ግን ደጋው ከጥንት ጀምሮ ደጋ ነበር፤ ሰዉም በዳገት በቁልቁለቱ ሲመላለስ ኖሯል። የኢትዮጵያ ስም በሩጫ የተጠራው ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ ነው። አየሩ ያው ከሆነ በመካከሉ የተጨመረው ምንድን ነው?

የተጨመረው ቡድን ነው። ክቡር ዘበኛ ወታደሮቹን በአንድ ሰፈር አኑሮ፣ በአንድ ገበታ አብልቶ፣ በአንድ ሰዓት ቀስቅሶ ያስሮጥ ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የመጡት ወደ እንዲህ ዓይነት ሰፈር ነው። በሮም አበበ ብቻውን አልነበረም፤ ሌላው ወታደር አበበ ዋቅጅራ በዚያው ውድድር ሰባተኛ ወጥቷል። ማሞ ወልዴም የወጣው ከዚያው ከክቡር ዘበኛ ነው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ሕመም ያደከመው አበበ ቢቂላ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ወርቁ ከአገር አልወጣም፤ ማሞ ነበረና። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚያነሳው ባንዲራ የሚገኘው ቡድን ባለበት ቤት ነው።

ከክቡር ዘበኛ ሌላ የምድር ጦር፣ የአየር ኃይልና የፖሊስ ክለቦችም እንደዚሁ ሯጮችን አፍርተዋል። ደመወዝ፣ መኝታ፣ ምግብና የልምምድ ጓደኛ ለአንድ ደሃ የገበሬ ልጅ በአንድ ላይ የሚገኙት በእነዚህ ቤቶች ነበር። ሻምበል ምሩፅ ይፍጠርም የአየር ኃይል ልጅ ነው።

የባከኑ ዓመታት

ምሩፅ በ1964 ዓ.ም ማብቂያ በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። በ5,000 ሜትር ግን ከመነሻው መስመር ላይ ሳይደርስ ቀረ። ለምን እንደዘገየ ያኔም ከዚያም ወዲህ ብዙ ተብሏል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ሩጫው ያለ እርሱ ተጀመረ፤ ያለ እርሱም አለቀ። እንግዲህ አራት ዓመት ጠብቆ በሞንትሪያል ሊካስ ነው። በሐምሌ 1968 ዓ.ም ሞንትሪያል ላይ የሆነውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይድ አገር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱና ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ባለመታገዷ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ጨዋታውን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። የውሳኔው ፍትሐዊነት ላይ ክርክር የለንም። ሂሳቡን የከፈሉት ግን ሯጮቹ ናቸው። በዚያ ኦሊምፒክ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን እንደ ሙኒኩ ሁሉ 5,000ውንም 10,000ውንም ደርቦ ወሰደ።

ምሩፅ ተስፋ አልቆረጠም። በ1969 ዓ.ም በዱሰልዶርፍ፣ በ1971 ዓ.ም በሞንትሪያል በተካሄዱት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ለአፍሪካ ቡድን ተሰልፎ ሁለቱንም ጊዜ 5,000ና 10,000 ሜትርን አሸነፈ። በመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ላይ በድንገት የሚለቀው ፍጥነት «ማርሽ ቀያሪው» የሚል ስም አሰጠው። የዕድሜው ነገር ደግሞ የውጭ ጋዜጠኞች እንቆቅልሽ ሆነ። ጠጉሩ የሳሳውን፣ ቁመቱ አጭር የሆነውን ሰው እያዩ «ስንት ዓመትህ ነው?» ሲሉት፣ ዶሮና በግ ሊሰረቅብኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን የሚሰርቀኝ የለም ብሎ መለሰላቸው ይባላል። በመዝገብ የሰፈረውን የትውልድ ዘመን ብንይዝ ወደ ሞስኮ ሲሄድ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ለርቀት ሯጭ የመጨረሻው ባቡር ማለት ነው።

ሦስት ሰው፣ አንድ ሩጫ

የሞስኮውም ኦሊምፒክ ከፖለቲካ አላመለጠም። ሶቪየት ኅብረት ወደ አፍጋኒስታን ጦር በማዝመቷ አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች ቀሩ፤ ከጎረቤታችን ከኬንያም የመጣ አልነበረም። ይህን ይዘው የሞስኮን ድል ለማሳነስ የሚሞክሩ አሉ። ነገር ግን በ10,000 ሜትር መነሻ ላይ የአራት የኦሊምፒክ ወርቆች ባለቤት የሆነው ላሴ ቪረን ቆሞ ነበር። ያን ሰው ማሸነፍ ለማንም ቀላል አልነበረም።

አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ በዚያ ፍጻሜ ሦስት ሰው ነበራቸው፤ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም ሦስቱ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሃያ አምስቱን ዙር አንድ ወጥ በሆነ ፍጥነት ቢሮጡት ለቪረን ይመቸው ነበር፤ ልቡ፣ ሳንባውና እግሩ በአንድ ሥርዓት ይሠሩለታል። ኢትዮጵያውያኑ ግን ሥርዓቱን ነሱት። አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ያፈጥናል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ትንፋሽ ተሰበሰበ ሲባል ሌላው ተነስቶ ያፈጥናል። እንዲህ ያለው ሩጫ ከተራው ሩጫ የበለጠ ያደክማል፤ ምክንያቱም በየድንገቱ የሚወጣው ጉልበት በጡንቻ ላይ ዕዳ ይጥላል፤ ዕዳው ሳይከፈል ሌላ ዕዳ ይመጣል። ሦስት ሆነው ሲፈራረቁበት ግን ድካሙ ለሦስት ይከፈላል። ብቻውን ለሚከተል ሰው ሁሉም በእርሱ ላይ ነው።

በመጨረሻ ከፊት የቀሩት አምስት ብቻ ሆኑ፤ ሦስቱ ኢትዮጵያውያንና ሁለቱ ፊንላንዳውያን፣ ቪረንና ካርሎ ማኒንካ። 300 ሜትር ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ። ከዚያ በኋላ የደረሰበት የለም፤ በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ገባ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ ሆኑ። ቪረን አምስተኛ ወጣ።

አራተኛው ማን ነበር? ቶሎሳ ቆቱ ነው። ከነሐሱ የራቀው በሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ሜዳልያ የሚሰጠው ለሦስት ሰው ስለሆነ ስሙ በየዜናው ከታች ቀረ። ቪረንን በማድከም የእርሱ ድርሻ ከማን ያንሳል?

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25 ቀን፣ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ መጣ። ምሩፅ ከሙኒክ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ሩጫ ይህ ነው። በመጨረሻው ዙር ግን ከባድ ነገር ገጠመው፤ ከውስጠኛው መስመር ላይ በፊቱም በጎኑም በሯጮች ታጥሮ መውጫ አጣ። በርቀት ሩጫ ጉልበት እያለ መንገድ ማጣትን የመሰለ መከራ የለም። በዚህ ጊዜ ከፊቱ የነበረው መሐመድ ከድር ከመስመሩ ፈቀቅ አለለት። ክፍተቷ የአንድ ሰው ስፋት ነበረች፤ ለምሩፅ በቃችው። 300 ሜትር ሲቀር ተፈተለከ፤ የታንዛንያው ሱሌይማን ኛምቡይ ተከተለው እንጂ አልደረሰበትም። በ13 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሁለተኛው ወርቅ ተገኘ። መሐመድ ከድር ከሜዳልያው ርቆ ከኋለኞቹ ጋር ገባ።

በዚያ መካከል እሸቱ ቱራ ሐምሌ 24 ቀን በ3,000 ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳልያ ወስዷል። ሁለት ወርቅ፣ ሁለት ነሐስ ይዞ ቡድኑ ተመለሰ። አገሪቱም «ምሩፅ!» አለች። አላበዛችም፤ ይገባዋል። ግን ፈቀቅ ያለው ሰው ዋጋ በየትኛው ሰንጠረዥ ይጻፍ?

የማድሪድ ዙር

ሰንጠረዡ የተገኘው ከስምንት ወር በኋላ ነው። መጋቢት 19 ቀን 1973 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ተሰለፈች። ቦታው የማድሪድ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ርቀቱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ውድድር ከዚያ በፊት በአብዛኛው የአውሮፓውያን ግቢ ነበር፤ ሥሩም ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝና የጎረቤቶቿ ውድድር ነው። ያለፈው ዓመት አሸናፊ አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ነበር።

ኢትዮጵያውያኑ በሞስኮ የተለማመዱትን በሣሩ ላይ ደገሙት። ተሰባስበው ወደ ፊት ወጡ፤ ሌላውን ሁሉ ጥለው በግንባር ብቻቸውን ይነጉዱ ጀመር። ተመልካች ውድድሩ አለቀ ብሎ ነበር። እነርሱም አለቀ አሉ፤ ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ዙር ሲቀር ዙሩን የመጨረሻው አድርገው ቆጠሩት። ያላቸውን ጉልበት ሁሉ አሟጠው እርስ በርስ እየተሽቀዳደሙ ወደ መስመሩ በረሩ። እዚያ ሲደርሱ ክር የለም። ሩጫው ገና ነው፤ ቀጥሉ ተባሉ።

ሮጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰውነት «ጨረስኩ» ብሎ ከፈታ በኋላ መልሶ ማሰር ከተራራ መውጣት ይከብዳል። ሳንባ እየተቃጠለ፣ እግር እንደ እርሳስ እየከበደ፣ ከሁሉም በላይ እልህና ኀፍረት ጉሮሮን እያነቀ ሌላ ዙር መዞር አለ። በዚያች ቅጽበት ከኋላ የነበሩት ደረሱባቸው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንዲህ ሲገጥመው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዳር ቢቆም ማን ይፈርድበታል?

እነርሱ ግን አልቆሙም። መሐመድ ከድር ራሱን ሰብስቦ ክሬግ ቨርጂንን እስከ መጨረሻው ታገለው፤ በሁለት ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። የግል ወርቁ በአንድ ዙር ስሌት አመለጠ። ከዚያ በኋላ ግን የሌሎቹ ደረጃ ሲደመር ኢትዮጵያ የዓለም የቡድን ሻምፒዮን ሆነች። አሜሪካ ሁለተኛ ናት።

ይህን ድል ያመጣው ማን ነው? ሁለተኛ የወጣው ከድር ብቻውን አይደለም። ጉልበቱ በስሕተት ከባከነ በኋላ፣ ሜዳልያ እንደማያገኝ እያወቀ፣ አንድ ሰው እንኳ እንዳያልፈው ብሎ ጥርሱን ነክሶ የገባው አምስተኛው ሰው፣ ስድስተኛው ሰው ነው። ከእነርሱ አንዱ ቆሞ ቢሆን ኖሮ በእርሱ ምትክ ከብዙ ሰው በኋላ የገባ ሰው ይቆጠር ነበርና ድምሩ ያብጣል፤ ዋንጫውም ይጠፋል። ስንቶቻችን ነን የዚያን ስድስተኛ ሰው ስም የምንጠራ?

ከዚያ ወዲህ

የማድሪዱ ስሕተት አልተደገመም። መጋቢት 12 ቀን 1974 ዓ.ም ሮም ላይ መሐመድ ከድር ያመለጠውን ወርቅ ወሰደ። በዓመቱ በእንግሊዟ ጌትስሄድ በቀለ ደበሌ አሸነፈ። በ1976 በኒውዮርክና በ1977 በሊዝበን ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በግል ቢያሸንፍም የቡድኑ ዋንጫ ግን አሁንም የኢትዮጵያ ነበር። ከ1973 እስከ 1977 ዓ.ም አምስት ዓመት በተከታታይ ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት የመጨረሻ ዓመታት አንደኛ የወጣ ሰው ሳይኖረን ዋንጫው መገኘቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ ቡድን ግን ኦሊምፒክን ዳግመኛ ሳያይ ተበተነ። በ1976 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር አብራ ሎስ አንጀለስ ቀረች። በ1981 ዓ.ም መባቻ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ ሶል ቀረች። ሮምና ጌትስሄድ ላይ ዓለምን ያሸነፉ ልጆች ብርቱ ዘመናቸው በአገራቸው ስታዲየም ዙሪያ አለፈ። ከሞስኮ በኋላ ኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ወርቅ ያየችው በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና፣ በደራርቱ ቱሉ ነው። በመካከሉ አሥራ ሁለት ዓመት አለ።

የቡድኑንም ዋንጫ ኬንያውያን ተረከቡት። ከ1978 እስከ 1995 ዓ.ም አሥራ ስምንት ጊዜ ያለ ማቋረጥ በአዋቂ ወንዶች የረጅም ርቀት ውድድር አሸነፉ። የእነርሱም ምሥጢር ያው ነበር፤ ሁልጊዜ ስድስተኛ ሰው ነበራቸው። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያስመለሰችው በ1996 ዓ.ም ብራስልስ ላይ ነው።

ዛሬ የሩጫው ዓለም ሌላ ነው። የጎዳና ውድድር ገንዘብ አለው፤ ሯጭ ወኪል አለው፤ ጫማ ሰፊው ኩባንያም በየሯጩ ስም ይዋዋላል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የአበበና የማሞ ዘመን ሯጭ ድካሙን የሚመጥን ኑሮ አላገኘም። ነገር ግን ውሉ ሁሉ የአንድ ሰው ነው። መንገድ ለጓደኛው የሚለቅ ሰው በውሉ ላይ አንቀጽ የለውም። አልፎ አልፎ ግን የድሮው ደም ብቅ ይላል። በነሐሴ 1996 ዓ.ም በአቴንስ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን እየዞሩ ከኋላ የቀረውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሲመለከቱ፣ ይደርስ እንደሆነ ሲጠብቁ ዓለም አይቷል። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ሁለቱ ወርቅና ብር ወሰዱ። በዓመቱ በሄልሲንኪ ሴቶቻችን የ5,000 ሜትርን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ጠራርገው ሲገቡ «አረንጓዴው ጎርፍ» የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎርፍ በአንድ ጠብታ አይሆንም።

ምሩፅ ይፍጠር በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም በካናዳ፣ ቶሮንቶ አረፈ፤ አገሩም በክብር ቀበረችው። ሞስኮ ላይ አራተኛ የወጣው ቶሎሳ ቆቱ ደግሞ ከሩጫ በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ። ባለ ነሐሱ እሸቱ ቱራም እንደዚሁ የመሰናክል ሯጮች አሠልጣኝ ሆነ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም ለሌላው የተሮጠው ሩጫ በሰዓት ሰሌዳ ላይ ባይታይም በተከታዩ ትውልድ እግር ላይ ታይቷል።

እንግዲህ ልጆቻችን ስለ ሞስኮ ሲጠይቁን «ምሩፅ አሸነፈ» ካልን በኋላ «ከድር ፈቀቅ አለለት፤ ቶሎሳ ቪረንን አብሮ አደከመው» ብለን እንጨምርላቸው። ስለ ማድሪድ ሲጠይቁንም ከአንድ ጀምረን እስከ ስድስት እንቁጠር። ዋንጫው የተገኘው በዚያ አቆጣጠር ነውና።